ለበቆሎ መስመር ደባል ሰብል ስንመርጥ

አስተያየት፤ ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

እንደሚታወቀው በቆሎ በመስመር በሚዘራበት ማሳ በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል 75 ሣንቲ ሜትር ርቀት ይተዋል። ይህ ክፍት ቦታ በአንድ ሄክታር ላይ ቢደማመር ርዝመቱ ከ13 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በቆሎው ከበቀለበት ቀን አንሥቶ ቅጠሉ ከቅጠል እስኪገጥም ድረስ ለብዙ ሳምንታት ፀሐይ ይመታዋል፤ ዝናብ ይወርድበታል፤ አረምም ይበቅልበታል። ገበሬው ይህን በየቀኑ ስለሚያይ በየሥልጠናው ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለው፤ ይኸውም «በመሃሉ ምን ብንዘራበት ይሻላል?» የሚል ነው።

እኛ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ «ጥራጥሬ ዝሩ፤ አፈሩን ያዳብራል» የሚል አጭር መልስ ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። የትኛው ጥራጥሬ? መቼ? በስንት ርቀት? ለድስት ወይስ ለገበያ? እነዚህ ሳይጠየቁ የተዘራ ደባል ሰብል ወይ በበቆሎው ጥላ ሥር ይመነምናል፣ ወይ በቆሎውን ይሻማል። ገበሬው ከከሰረ በኋላ «አሰባጥሮ መዝራት አይሆንም» ይላል፤ እኛም ያንን ሰምተን «ገበሬው አልተቀበለውም» ብለን እንጽፋለን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የሚከተለው ነው። ደባል ሰብል ሲመረጥ ከዘር ዝርዝር መጀመር አይገባም። መጀመር የሚገባው ዋናው ሰብል ሳይጠቀምበት ከሚተወው ብርሃን፣ ውሃና ጊዜ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ካለው ጉልበትና ፍላጎት ነው። በከተማ ቤት ደባል የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የትኛው ክፍል ባዶ እንደ ሆነና እንግዳው በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይጠይቃል። በማሳም ላይ ነገሩ ከዚህ አይለይም።

የራሴ ስሕተት

ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ላስቀድም። በሥራ በመጀመሪያዎቹ ዓመቶቼ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ወረዳ የበቆሎ ማሳያ ማሳ እከታተል ነበር። ማሳው የአንድ አዛውንት ገበሬ ነበር። በቆሎው በሰኔ አጋማሽ በ75 ሣንቲ ሜትር ርቀት በጥሩ ሁኔታ ተዘርቶ ነበር። ባለቤታቸው ግን ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ በመስመሮቹ መሃል በእጃቸው ቦሎቄ ጣል ጣል አድርገው ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ቦሎቄው አበባ ማውጣት በጀመረበት ጊዜ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ማሳያ ማሳ «ንጹሕ» መሆን አለበት ብዬ ቦሎቄው እንዲነቀል አሳሰብኩ። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ተነቀለ። ጎብኚዎቹም መጥተው መስመሩን አድንቀው ሄዱ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጳጉሜን ተቋረጠ፤ በቆሎው አበባና ጺም የሚያወጣበት ሰዓት ነበር። ቆረቆንዳው ፍሬ ሳይዝ ቀረ፤ አገዳው ለከብት ሆነ። በአጠገቡ ባለው የጎረቤት ማሳም በቆሎው እንዲሁ ደረቀ፤ ነገር ግን በመሃሉ የነበረው ቦሎቄ ከዝናቡ መቋረጥ በፊት ዘለላ ቋጥሮ ስለ ነበር ለቤት የሚሆን ፍሬ ሰጠ። በጥቅምት ወደዚያ ቤት ስሄድ እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ አንዲት ነገር ብቻ ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ በቆሎው የፈጣሪ ነው፤ ቦሎቄው ግን በእጃችን ነበር» አሉኝ።

እኔ ያን ቀን የተማርኩት «ቦሎቄ ጥሩ ነው» የሚለውን አይደለም። ወይዘሮዋ ከእኔ ይልቅ የማሳውን ጊዜ ያውቁ ነበር። ቦሎቄው ከበቆሎው ቀድሞ ፍሬ እንደሚይዝ፣ የዝናቡም መጨረሻ እንደማይታመን አስበው ነው የዘሩት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአባቶች ተረት በዚያ ማሳ ላይ በተግባር ተተክሎ ነበር፤ አንዱን ባላ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ከየት የመጣ ልማድ ነው?

አሰባጥሮ መዝራት ለአገራችን ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች ማሽላና በቆሎ ከቦሎቄ ጋር፣ በጫት ረድፎችም መካከል ጭምር ይዘራሉ። የእርከን ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በኮንሶ በአንድ እርከን ላይ ማሽላ ከየርግብ አተርና ከቦሎቄ ጋር ይታያል። በሲዳማና በአካባቢው የበቆሎው የታችኛው ቅጠል ለከብት ተቀንጥቦ ብርሃን ሲገባ ቦሎቄ ከሥሩ ይዘራል። በትግራይ ስንዴና ገብስ ተቀላቅለው «ሐንፈጽ» በሚል ስም ይዘራሉ። ይህ ሁሉ ያለ ባለሙያ ምክር የቆየ ነው።

የእኛ የኤክስቴንሽን ሥራ ግን በሌላ መንገድ ነው ያደገው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎና በወላይታ ከተጀመሩት የልማት ፕሮግራሞች አንሥቶ፣ በ1964 ዓ.ም. በተጀመረው አነስተኛ ጥቅል ፕሮግራም፣ ከዚያም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተስፋፋው የበቆሎ ፓኬጅ የቀረበው ምክር በአብዛኛው በአንድ ሰብል ዙሪያ የተዘጋጀ ነበር። አንድ ሰብል፣ የእርሱ ምርጥ ዘር፣ የእርሱ ማዳበሪያ፣ የእርሱ ርቀት። ይህ መንገድ የበቆሎን ምርት እንዳሳደገ ማንም አይክድም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አይክድም። ችግሩ በመስመር መዝራት ላይ አይደለም። እንዲያውም በመስመር መዝራት ለደባል ሰብል ከብተና የተሻለ ቦታ ይፈጥራል። ችግሩ የመስመሩ መሃል ባዶ መሆኑን እንደ ንጽሕና መቁጠራችን ነው።

አምስት ጥያቄዎች

አንድ ደባል ሰብል ከመመረጡ በፊት የልማት ሠራተኛው ከገበሬው ጋር ማሳው ዳር ቆሞ አምስት ነገሮችን ቢጠይቅ ብዙ ስሕተት ይቀራል።

1. ብርሃኑ መቼ ይዘጋል?

ረዘም ያለ ቁመትና ሰፊ ቅጠል ያለው ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ ቅጠሉን ከገጠመ በኋላ ከሥሩ ላለው ሰብል የሚተወው ብርሃን ጥቂት ነው። ቦሎቄ ደግሞ በጥላ ሥር ሲያብብ አበባው ይረግፋል። ቦሎቄ ከተዘራ በ40 እና በ45 ቀን አካባቢ ስለሚያብብ፣ ከበቆሎው ጋር በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ልዩነት ከተዘራ የበቆሎው ጥላ ሳይጠናበት አበባውን ይጨርሳል። አራት ወይም አምስት ሳምንት ዘግይቶ በረጅም በቆሎ ሥር የተዘራ ግን ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በሲዳማ ዘግይቶ የሚዘራው የሚሳካው የበቆሎው ቅጠል ስለሚቀነጠብ ነው፤ ቅጠሉን ሳይቀነጥቡ ቀኑን ብቻ መኮረጅ አይጠቅምም።

2. ሁለቱ አብዝተው የሚጠጡት በአንድ ሳምንት ነው ወይ?

በቆሎ ውሃ አብዝቶ የሚፈልገው አበባና ጺም በሚያወጣባቸው ሳምንታት ነው። 145 ቀን የሚፈጅ በቆሎ ወደዚያ ደረጃ ሲደርስ አብሮት የተዘራው የ90 ቀን ቦሎቄ ፍሬ መያዙን አገባድዶ ቅጠሉ ወደ መርገፍ ይቃረባል፤ ስለዚህ ሽሚያው ያነሰ ነው። ዝናብ አጠር በሆነ ቦታ ፈጥኖ የሚደርስ በቆሎ ሲዘራ ግን የሁለቱ ጥማት ይቀራረባል። እንዲህ ባለ ቦታ ደባሉን ፈጽሞ ከመተው ይልቅ የዘሩን መጠን መቀነስ፣ ለምሳሌ በየመስመሩ መሃል ሳይሆን በየሁለተኛው መሃል መዝራት ይሻላል።

3. ስለ አፈሩ የምንሰጠው ተስፋ እውነት ነው ወይ?

ጥራጥሬ በሥሩ ላይ በሚታዩት ትናንሽ ዕባጮች ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል። ሆኖም ሦስት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል። አንደኛ፣ ቦሎቄ በዚህ ረገድ ከካውፒ፣ ከኦቾሎኒና ከባቄላ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ከወሰደው አብዛኛው ከፍሬው ጋር ከማሳው ይወጣል፤ ለበቆሎው በዚያው ዓመት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቅሙ የሚታየው ሥሩና ቅጠሉ በማሳው ከቀረ በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሦስተኛ፣ ዩሪያ የበዛበት ጥራጥሬ ዕባጭ መሥራቱን ያቆማል። ስለዚህ ዩሪያ በበቆሎው ሥር አካባቢ ተደርጎ አፈር ይልበስ እንጂ በመስመሩ መሃል አይበተን። ለገበሬው «ቦሎቄ ከዘራህ ማዳበሪያ ይቀርልሃል» ብሎ መናገር በመጀመሪያው ዓመት የሚታጠፍ ቃል ነው።

4. ሥራው በማን ጉልበት፣ በምን መሣሪያ ይሠራል?

በስምጥ ሸለቆና በሌሎችም ቦታዎች በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በበሬ ሽልሻሎ ያወጣል። ሽልሻሎ አረሙን ይገለብጣል፤ ውሃ ያሰርጋል፤ የበቆሎውንም ሥር አፈር ያለብሳል። ቀድሞ በመሃል የተዘራ ቦሎቄ ሽልሻሎን ይከለክላል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ቀድሞ ዘርቶ አረሙን በእጅ መኮትኮት፣ ወይ ሽልሻሎውን ፈጥኖ አውጥቶ ቦሎቄውን ከማረሻው ኋላ በዚያው ዕለት መዝራት። በሁለተኛው መንገድ ዘሩ በተከፈተ እርጥብ አፈር ስለሚገባ ጥሩ ይበቅላል፤ አንድ የአረም ሥራም ይቀራል። ነገር ግን የበቆሎው ዝርያ አጠር ያለና ቅጠሉ ያልበዛ፣ ሽልሻሎውም ከአራተኛው ሳምንት ያልዘለለ መሆን አለበት። በእጅ የሚኮተኮት ከሆነ ደግሞ ኮትኳቿ ማን እንደ ሆነች እንጠይቅ፤ በብዙ ቤት ይህ ሥራ የሚወድቀው በሴቶችና በልጆች ላይ ስለ ሆነ ውሳኔው ያለ እነርሱ አይሰጥ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው ጸረ አረም ነው። ቱ ፎር ዲ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እንደሚያጠፋ ሁሉ ቦሎቄንም ያጠፋል፤ በነፋስ ከጎረቤት ማሳ ቢመጣ እንኳ ይጎዳዋል። አትራዚን ያለባቸው የበቆሎ ጸረ አረሞችም እንዲሁ ቦሎቄን አያስበቅሉም። በቆሎውን በእነዚህ የሚረጭ ገበሬ በመሃሉ ጥራጥሬ አይዝራ፤ ደባል ሰብል የሚዘራም እነዚህን አይርጭ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ለገባው መጤ ተምች በቆሎው ላይ ጸረ ተባይ ሲረጭም ቦሎቄው አብሮ እንደሚረጭ አይረሳ። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ እሸቱ ተቀጥፎ አይበላ።

5. ምርቱ ወዴት ይሄዳል?

ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ የሚፈለግ በመሆኑ ዋጋው ያጓጓል። ነገር ግን የነጭ ቦሎቄ ዋጋ በመልኩ ነው። በበቆሎ ጥላ ሥር ዘለላው ቶሎ አይደርቅም፤ ዝናቡ ሳያበቃ ከደረሰ ፍሬው ይጠቁራል፤ ደረጃውም ይወርዳል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምክር፣ ለገበያ የሚሆነው ነጭ ቦሎቄ ለብቻው በጊዜው ይዘራ፤ በበቆሎ መሃል ግን ለንፍሮና ለወጥ የሚፈለገው ቀዩ ወይም የአካባቢው ምርጫ የሆነው የምግብ ቦሎቄ ይግባ የሚል ነው። ይህኛው መልኩ ትንሽ ቢለወጥም በድስት ዋጋው አይወርድም፤ በቆሎው ከመድረሱ በፊት ባለው የክፉ ወር ለቤቱ ይደርሳል።

ደባሎቹን በየጠባያቸው

ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሰብሎቹ ስንመጣ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው።

ቀጥ ብሎ የሚቆም ድንክ ቦሎቄ መካከለኛ ዝናብ ባለበት ቦታ ለበቆሎ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ተጠምጣሚው ቦሎቄ ብዙ ፍሬ ይሰጣል፤ ግን አገዳው ጠንካራ የሆነ በቆሎ ይፈልጋል። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ከተዘራ አንቆ ይጥለዋል።

ካውፒ ሙቀትና ድርቀት ይችላል፤ መሬቱን ፈጥኖ ሸፍኖ አረም ያፍናል፤ ቅጠሉም ይበላል። ከዚህም በላይ አቀንጭራ ባለበት የማሽላ ማሳ ጠቃሚ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገር የአቀንጭራውን ዘር ያስበቅለዋል፤ አቀንጭራው ግን በካውፒ ሥር ላይ መጣበቅ ስለማይችል ይሞታል። ይህ በአንድ ዓመት ማሳውን አያጸዳም፤ ዓመት በዓመት ግን በአፈር ያለውን ዘር ይቀንሳል። የሚሳበው ዓይነት መሬት ያጣብባልና ቆመው የሚያድጉት ይመረጡ።

የርግብ አተር በመጀመሪያዎቹ ወራት እድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ በቆሎውን ወይም ማሽላውን አይሻማም። ዋናው ሰብል ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ያድጋል፤ ግንዱም ማገዶ ይሆናል። እንቅፋቱ ልቅ ግጦሽ ነው። አዝመራ ሲነሣ ከብት በሚለቀቅበት ቀበሌ የርግብ አተር ለጎረቤት ከብት የተዘራ ያህል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዘር ሳይሆን የቀበሌው ስምምነት ነው።

ኦቾሎኒ በባቢሌና በመሰሉት ቀላል አሸዋማ መሬቶች የታወቀ ነው። በማሽላ መሃል የሚገባው የማሽላው መስመር ሰፋ ሲል ነው፤ ብርሃን ይወዳል፤ በሸክላ አፈር ደግሞ ነቅሎ ማውጣቱ አድካሚ ነው።

ዱባ በጥቂት ቦታ፣ በማሳው ዳርና በሳሳው በኩል ይጣል እንጂ በየመስመሩ አይሁን። ስኳር ድንች መሬት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ሲቆፈር በቆሎው አስቀድሞ መነሣት አለበት።

ደስሞዲየም የሚባለው የመኖ ተክል ደግሞ የተለየ ነው። በኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ባስፋፋው ዘዴ መሠረት ደስሞዲየም በበቆሎ መስመሮች መካከል፣ የዝሆን ሣር ደግሞ በማሳው ዙሪያ ይተከላል። የደስሞዲየሙ ሽታ የአገዳ ቆርቁርን የእሳት እራት ያርቃል፤ ሣሩ ወደ ራሱ ይስባታል፤ ደስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያዳክማል። ከብት ላለው፣ አጭዶ ለሚመግብና ማሳውን ከግጦሽ ለሚጠብቅ ገበሬ ጥሩ ነው። የሚበላ ፍሬ ለሚፈልግ ደሃ ቤተሰብ ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይችልም።

ርቀትና የዘር መጠን

በደባል ሰብል አመራረጥ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ዋናው ሁለቱንም በሙሉ መጠን መዝራት ነው። በቆሎ በ75 በ30 ሣንቲ ሜትር ሲዘራ በሄክታር 44,444 ተክል ይይዛል። ይህ እንዳለ ይሁን፤ ዋናው ሰብል አይቀነስ። ቦሎቄ ለብቻው በ40 በ10 ሣንቲ ሜትር ሲዘራ 250,000 ተክል ይሆናል። በበቆሎው መሃል አንድ መስመር ብቻ በ10 ሣንቲ ሜትር ርቀት ከተዘራ 133,333 ተክል ስለሚሆን ከሙሉው ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ለመካከለኛ ዝናብ ይህ በቂ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ወደ 20 ሣንቲ ሜትር ይስፋ።

የዘሩን መጠን በግምት አንናገር። ገበሬው ከያዘው ዘር 100 ፍሬ ቆጥሮ መመዘን ቀላል ነው። 100 ፍሬ 20 ግራም ቢመዝን ለ133,333 ተክል 27 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ለማይበቅለው ጥቂት ጨምሮ 30 ኪሎ ይያዝ። ፍሬው ተለቅ ያለ ከሆነ መጠኑ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ውጤቱን በምን እናውቃለን?

አሰባጥሮ የዘራ ገበሬ ብዙ ጊዜ «በቆሎዬ ቀነሰ» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማነጻጸር ያለብን በቆሎን ከበቆሎ ጋር ብቻ ሳይሆን መሬትን ከመሬት ጋር ነው። ለዚህም በማሠልጠኛ ማዕከሉ ወይም በገበሬው ማሳ ጎን ለጎን ሦስት ቁራጭ መሬት ይለካ፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ርዝመትና 7.5 ሜትር ስፋት ይኑረው። በአንዱ በቆሎ ብቻ፣ በሁለተኛው ቦሎቄ ብቻ፣ በሦስተኛው ሁለቱ አብረው ይዘሩ።

ለምሳሌ ያህል በቆሎ ብቻውን 30 ኪሎ፣ ቦሎቄ ብቻውን 12 ኪሎ ሰጡ እንበል። በሦስተኛው መሬት ደግሞ 25.5 ኪሎ በቆሎና 6 ኪሎ ቦሎቄ ተገኘ እንበል። 25.5 ለ30 ሲካፈል 0.85 ይሆናል፤ 6 ለ12 ሲካፈል 0.50 ይሆናል፤ ድምሩ 1.35 ነው። ይህም ማለት በአንድ ሄክታር አሰባጥሮ የተገኘውን ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 1.35 ሄክታር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ድምሩ ከ1 በታች ከሆነ ደባሉ አልተስማማም፤ ይለወጥ። ከዚህም ጋር የአረሙ ሥራ ስንት ቀን እንደ ፈጀና የሁለቱ ምርት በገበያ ቀን ስንት እንዳወጣ በአንድ ደብተር ይያዝ። መሬት ያተረፈ ሁሉ ጉልበት አተረፈ ማለት አይደለምና።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ማኅበራት በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ሊረዱ ይችላሉ። አንደኛ፣ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በሚታደልበት ዕለት ንጹሕ የቦሎቄ ዘርም አብሮ ይቅረብ። ደባሉ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ከላይ የተባለው የብርሃን ሂሳብ ሁሉ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ጸረ አረም የሚሸጥ የማኅበር ሠራተኛ ገዢውን «በመሃሉ ምን ዘርተሃል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይስጥ። ይህ አንድ ጥያቄ የአንድን ቤተሰብ ወጥ ያድናል። ሦስተኛ፣ ከልዩ ልዩ ማሳ የመጣ ቦሎቄ በመጋዘን አይደባለቅ፤ ቀዩና ነጩ የተቀላቀለበት ጆንያ በሁለቱም ዋጋ አይሸጥም። ጥራጥሬ በደንብ ሳይደርቅ አይግባ፤ ነቀዙ አብሮ ይገባልና።

ለልማት ሠራተኞች የመጨረሻ ቃል

በአሁኑ ጊዜ በኩታ ገጠም ማረስ በስፋት እየተሠራበት ነው። አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ጊዜ መዝራቱ፣ አብሮ ማረሙና አብሮ መሸጡ ጥቅም እንዳለው እናያለን። ነገር ግን ኩታ ገጠም ማለት የመስመሩ መሃል ባዶ ይሁን ማለት አይደለም። የክላስተሩ ገበሬዎች ተስማምተው አንድ ዓይነት በቆሎ ከአንድ ዓይነት ቦሎቄ ጋር ቢዘሩ ክላስተርነቱ አይጎድልም። እንዲያውም ዝናቡ በሚያጥርበት ዓመት ሁሉም በአንድ ላይ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ይረዳል። በአንድ ሰብል የታመነ ሰፊ ማሳ ሲከስር የሚከስረው አንድ ሰው ሳይሆን መንደሩ ነውና።

ሌላው የሪፖርት ቅጻችን ነው። በቅጹ ላይ «በቆሎ፣ ሄክታር፣ ኩንታል» የሚል ዓምድ አለ፤ በመሃሉ የተዘራው ቦሎቄ ግን ብዙ ጊዜ መግቢያ የለውም። ያልተጻፈ ምርት ያልተመረተ ይመስላል፤ ያልተመረተ የሚመስለውንም እኛው ራሳችን «ንጹሕ» እናደርገዋለን። ቅጹ እስኪለወጥ ድረስ በኅዳጉ ላይ በእጅ እንጻፈው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በሚመጣው የዘር ወቅት እያንዳንዱ የልማት ሠራተኛ ከአንድ ገበሬና ከባለቤቱ ጋር ማሳ ዳር ቆሞ አምስቱን ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ ሦስቱንም ቁራጭ መሬት ይለካ። በመስመሩ መሃል አንድ ነገር በቅሎ ካገኘም «ንቀሉት» ከማለቱ በፊት ማን እንደ ዘራው፣ ለምንስ እንደ ዘራው ይጠይቅ። እኔ ያንን ጥያቄ ያልጠየቅሁበት ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።